የቦዔዝ እርሻና የአዳማ ንፋስ

የአገራችን ኤሌክትሪክ ፍሪኩዌንሲ 50 ሄርዝ ነው። የሚመነጨው ኃይል ከፍጆታው ሲያንስ ይህ ቁጥር ይወርዳል፤ በጣም ከወረደ መከላከያ መሣሪያዎቹ ከተሞችን ከመስመሩ እየቆረጡ ይጥላሉ። እኛ ካፋ፣ ቦንጋ ላይ “መብራት ሄደ” ከምንልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

እንደ ግልገል ጊቤ 3 ያለ የውኃ ማመንጫ በዚያች ቅጽበት ሳይታዘዝ ይደርሳል። የሚሽከረከረው ከባድ ብረት ከመስመሩ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ፍሪኩዌንሲው መውረድ ሲጀምር ያለውን ጉልበት ይለቃል። አዲሶቹ የንፋስ ተርባይኖች ግን ከመስመሩ ጋር የሚገናኙት በኤሌክትሮኒክስ በኩል ነው፤ ካልታዘዙ ጭንቀቱ አይሰማቸውም። ከታዘዙ ሁለት ነገር ይችላሉ። አንደኛው ብድር ነው፦ ከክንፋቸው ሽክርክሪት ለጥቂት ሰከንድ ጉልበት ይሰጣሉ፤ ክንፉ ስለሚዘገይ ግን የሰጡትን ቶሎ መልሰው መሙላት አለባቸው። የካናዳዋ ኬቤክ ይህን ከንፋስ ማመንጫዎቿ ትጠይቃለች። ሁለተኛው፣ ክንፋቸውን በጥቂቱ ከንፋሱ ዘወር አድርገው ከሚችሉት በታች ማመንጨት ነው፤ ያልተመረተው ለክፉ ሰዓት መጠባበቂያ ይሆናል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሁለተኛው ነው። አዳማ ላይ በሁለት ዙር የተተከሉት 136 ተርባይኖች በጠቅላላ 204 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ደህና ንፋስ ባለበት ቀን ከአሥር አንዱን ቢያስቀሩ 20 ሜጋ ዋት ገደማ ሆን ተብሎ ታለፈ ማለት ነው። እግዚአብሔር በነጻ የላከውን፣ ነገ የማይገኘውን ንፋስ እያዩ ማሳለፍ የጸጋ ብክነት አይሆንም?

አይሆንም ባይ ነኝ። ኦሪት ዘሌዋውያን የእርሻህን ዳር አሟጠህ አትጨድ ይላል፤ ዳሩ የድኻውና የመጻተኛው ነው። ባለ እርሻው ቦዔዝ ደግሞ ከዚያም አልፎ፣ ለቃራሚዋ ለሩት ከነዶው እየመዘዙ እንዲተዉላት አጫጆቹን አዘዘ። የተተወው እህል ባለቤት ነበረው፤ ባለቤቱ ግን ገና አልመጣም ነበር። አዳማ ላይ የታለፈው ንፋስም እንዲሁ ነው፦ ማን እንደሚያስፈልገው ሳይታወቅ፣ ለማይታወቅ ሰው የተቀመጠ። ያ ሰው ቦንጋ ሆስፒታል ቀዶ ጥገና ላይ ያለ ሊሆን ይችላል።

ይህን ክፍል ውስጥ ሳስረዳ መብራት ካልገባበት ቀበሌ የመጣ ተማሪዬ እጁን አነሣ። “መምህር፣ ሩት እኮ እርሻው ውስጥ ገብታለች። እኛ ቀበሌ መስመሩ የለም፤ ለእኛ የቀረልን ምኑ ነው?”

ልክ ነህ አልኩት። የካፋው ጎጀብ ወንዝ ኦሞ ገብቶ ግልገል ጊቤ 3ን ይሞላል፤ ያ ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ተሠርቶ በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ውኃችን ወደ መስመሩ ከገባ ቆይቷል። በልጁ ቀበሌ ግን ማታ የሚጠናው አሁንም በኩራዝ ነው። ኦሪት ዳሩን ከመተው ጋር መጻተኛው ገብቶ እንዲቃርም መፍቀድንም አዟል፤ ሁለቱን ለይቶ አንዱን ብቻ መፈጸም አይቻልም። ስለዚህ ንፋሱ ለክፉ ሰዓት ይቀመጥ የምል እኔ፣ ምሰሶው እስከ ልጁ ቀበሌ ይተከል ብዬም የመጮህ ግዴታ አለብኝ፤ ከሁለቱ ይቅደም የምለውም ምሰሶውን ነው።