ፊርማው የማን ነው?

ሰው በዘመኑ ከሚያጋጥሙት ውሳኔዎች መካከል የገዛ አካሉን ለሐኪም ቢላዋ መስጠትን ወይም መንፈግን ያህል የሚከብዱ ጥቂቶች ናቸው። መሬቱን ሸጦ የተጸጸተ ሌላ መሬት ሊገዛ ይችላል። ሥራውን የለቀቀ ሌላ ሥራ ያገኛል፤ የፈረሰ ትዳርም በሽማግሌ ሊታደስ ይችላል። የተቆረጠ እግር ግን አይቀጠልም፤ ባለመቆረጡ ምክንያት ያለፈች ነፍስም አትመለስም። ወዲያም ወዲህም መመለሻ የለም። ስለዚህ ጉዳዩ የሕክምና ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ጉዳይ ነው። ሐኪሙ «ይደረግ» ሲል ታማሚው «ይሁን» ወይም «አይሁን» የሚለው በምን ሚዛን ነው? ከዚህም የሚቀድም ሌላ ጥያቄ አለ፤ ለመሆኑ መላሹ ማን ነው?

እኔ ይህን ጥያቄ ከመጻሕፍት አላገኘሁትም። ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ቆሜ ሳለሁ ከአንድ ወረቀትና ከአንድ ብዕር ጋር በእጄ የተሰጠኝ ነው።

አባቴ በሰሜን ሸዋ በምትገኝ አንዲት አነስተኛ ከተማ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያስተማሩ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበሩ። የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ካወቁ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። በግራ እግራቸው ትንሽ ጣት ላይ ጫማ ልጦ ያወጣውን ቁስል ግን በጊዜ አላወቁትም፤ አልተሰማቸውምና። የዚህ በሽታ ተንኰል እዚህ ላይ ነው። በደም ውስጥ የበዛው ስኳር ለዓመታት ሲቆይ የእግርን ነርቮች ያደነዝዛል፤ ደም ሥሮቹንም ያጠባል። ነርቩ ሲደነዝዝ ቁስሉ አያምም፤ ያላመመን ቁስል ደግሞ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ደም በወጉ ያልደረሰው ሥጋ ሳይድን ይቆይና ይመረቅዛል፤ በመጨረሻም ይሞታል። ቁስሉ በጊዜ ቢታይ ኖሮ በማጽዳትና በመድኃኒት ይድን ይሆናል። አባቴ ሆስፒታል ሲደርሱ ግን ጣቶቻቸው ጠቁረው፣ እብጠቱ ቁርጭምጭሚታቸውን አልፎ ነበር።

ወጣቱ ሐኪም ወደ ኮሪደሩ ጠርቶኝ ነገሩን ሳይሸፋፍን አስረዳኝ። የሞተው ሥጋ አይመለስም፤ መመረዙም ወደ ላይ እየወጣ ነው። አሁን ከጉልበት በታች ቢቆረጥ ጉልበታቸው ይተርፋል፤ ጉልበት ከተረፈ በሰው ሠራሽ እግር መራመድ ይቀላል። ቢዘገይ ግን ጉልበታቸውም ሕይወታቸውም ላይተርፉ ይችላሉ። ይህን ተናግሮ የፈቃዱን ወረቀት ዘረጋልኝና «ልጃቸው ነህ፤ ፈርም» አለኝ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ከበቡኝ። ታላቁ አጎቴ ክንዴን ይዘው፣ «እንዳትነግሩት! ከሰማ ልቡ ይሰበራል። ተኝቶ ይነሣና ያየዋል፤ ያን ጊዜ ከማመስገን በቀር ምን ያደርጋል?» አሉ። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ሲናገሩ እንባቸው ይወርድ ነበር። ሁላችንም የምናደርገው ከፍቅር የተነሣ መሆኑን ማንም አይክደውም።

እኔ ግን ይህን ምክር ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ሰምቼ ታዝዤው ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ አክስቴ በጡታቸው ላይ እብጠት ወጣባቸው። ሐኪሞቹ ነቀርሳ መሆኑን ነገሩን፤ እኛም ለእርሳቸው «ትንሽ እባጭ ናት፤ ትወጣለች» አልናቸው። የፈቃዱን ወረቀት ለቤተሰቡ አንብቤ የተረጐምኩት፣ «ይፈረም» ያልኩትም እኔ ነበርኩ፤ የተማርኩ ነኝና። አክስቴ ከማደንዘዣው ሲነቁ ደረታቸውን ዳሰሱ። ከዚያ በኋላ ዐሥራ አንድ ዓመት ኖሩ፤ በሽታውም አልተመለሰባቸውም። በሕክምና ሚዛን ከታየ ሥራው የተሳካ ነው። ነገር ግን በእነዚያ ዐሥራ አንድ ዓመታት በተገናኘን ቁጥር አንድ ነገር ሳይሉ አይለያዩንም ነበር፤ «ማን ሰጣቸው? እኔ በሕይወቴ ሳለሁ ወራሽ ተገኘብኝ!»

ይህ የአክስቴ ቃል በሐኪሙ የተሰነዘረ ክስ አልነበረም። እኛን ነበር የሚከሰው። ከእርሱም የተማርኩት ውጤቱ መልካም ቢሆንም በደሉ በደል ሆኖ ሊቀር እንደሚችል ነው። ሕይወታቸውን አትርፈንላቸዋል፤ ከሕይወታቸው ውስጥ ግን አንድ ቀን፣ ያውም ትልቁን ቀን፣ ወስደንባቸዋል።

መደበቁ የእኛ አገር ልማድ ብቻ አይደለም። በጥንታዊው የግሪክ ሐኪም በሂፖክራተስ ስም ከሚታወቁት ጽሑፎች አንዱ፣ ሐኪሙ በሚያክምበት ጊዜ አብዛኛውን ነገር ከታማሚው እንዲሰውር ይመክራል። የዚህ አስተሳሰብ መሠረቱ ግልጽ ነው፤ ሐኪሙ ያውቃል፣ ታማሚው አያውቅም፤ የማያውቅ ለሚያውቅ ይታዘዝ የሚል ነው። ይሁን እንጂ የሚያውቀውም የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። አሜሪካዊው ቀዳጅ ሐኪም ዊሊያም ሐልስቴድ በአሥራ ዘጠነኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ላይ የጡት ነቀርሳን ለማከም ጡትን ከሥሩ ካለው የደረት ጡንቻና ከብብት ዕጢዎች ጋር ጠርጎ የሚያወጣ ቀዶ ሕክምና አስፋፋ። ይህ አሠራር ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ያለ ብዙ ጥያቄ ተሠራበት። በአሜሪካ ብዙ ሴቶች ለምርመራ ተብሎ በማደንዘዣ ይተኙና ነቀርሳ መሆኑ እዚያው ከታየ በዚያው እንቅልፍ ጡታቸው ይወጣ ነበር፤ ሲተኙም ምን ሆነው እንደሚነቁ አያውቁም። በ1974 እ.ኤ.አ. ሮዝ ኩሽነር የተባለች ጋዜጠኛ ይህን አልቀበልም አለች፤ መጀመሪያ ይመርመር፣ ከዚያ ውጤቱን ዐውቄ እኔው ልወስን ብላ ተከራከረች። ቀዳጅ ሐኪሙ በርናርድ ፊሸርና ባልደረቦቹ በ1985 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ደግሞ፣ ዕጢው ትንሽ በሆነ ጊዜ እርሱን ብቻ አውጥቶ በጨረር ማከም ጡትን በሙሉ ከማውጣት ባላነሰ ሁኔታ ሕይወት እንደሚያተርፍ አሳየ።

ይህን የማነሣው ሐኪምን ለማሳጣት አይደለም። ስሕተቱን ያረሙትም ሐኪሞች ናቸው። የአባቴን እግር በተመለከተ ወጣቱ ሐኪም ትክክል መሆኑን አልተጠራጠርኩም፤ ዛሬም አልጠራጠርም። ልለው የፈለግሁት፣ ሐኪሙ ትክክል ሲሆንም ሲሳሳትም የታማሚው ቦታ ያው የታማሚው ቦታ መሆኑን ነው። ሐኪሙ የሚያውቀው በሽታውን ነው። ሥጋው ስለ መሞቱ ከእርሱ የበለጠ ምስክር የለም። በአንድ እግር የሚኖረው ኑሮ ለእኒያ መምህር ኑሮ ይሆን አይሆን እንደሆነ ግን ሐኪሙ ከየት ያውቃል? ልጅስ ብሆን እኔ ከየት ዐውቃለሁ?

ሙያዬ ተውኔት ነውና በዚያ ኮሪደር ላይ ትዝ ያለኝ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ409 ዓመት በአቴና መድረክ የቀረበው የሶፎክለስ «ፊሎክቴቴስ» ነበር። ፊሎክቴቴስ እባብ ነድፎት እግሩ የመረቀዘበት ወታደር ነው። ሽታውንና ጩኸቱን መታገሥ ያቃታቸው ጓዶቹ በሌምኖስ ደሴት ጥለውት ሄዱ። ከብዙ ዓመት በኋላ ትሮይ ያለ እርሱ ቀስት እንደማትያዝ ተነገራቸውና ሊወስዱት መጡ። በዚያ ተውኔት ሰውን ወደሚፈለግበት ማምጫ ሦስት መንገዶች ይፈተናሉ፤ ማታለል፣ ማስገደድና ማሳመን። ኦዲሴዎስ ማታለልን ይመርጣል፤ ወጣቱ ኔኦፕቶሌሞስም ታዝዞት በሽተኛውን ያታልልና ቀስቱን ይወስዳል። በኋላ ግን ኅሊናው ይወቅሰውና ቀስቱን ይመልስለታል፤ እውነቱንም ይነግረዋል፤ «ትሮይ ብትሄድ እግርህ ይድናል» ይለዋል። ፊሎክቴቴስ ይህን ሁሉ ሰምቶም እምቢ ይላል። ወጣቱ የሚሻለውን እያወቀ እምቢታውን ይቀበልና ወደ አገሩ ሊወስደው ይስማማል። ነገሩ የሚለወጠው በመጨረሻ ሄራክለስ ከሰማይ ተገልጦ ሲናገረው ነው።

በእውነተኛው ዓለም ሄራክለስ አይወርድም። የወጣቱ ሥራ ግን ትልቅ ትምህርት ነው። «እምቢ» የማይባልበት ጥያቄ ጥያቄ አይደለም፤ ትእዛዝ ነው። እኔም ራሴን መረመርኩ። ለአባቴ እንዳይነገራቸው የፈለግነው እርሳቸውን ከሐዘን ለመጠበቅ ብቻ ነበርን? አልነበረም። የፈራነው እምቢ እንዳይሉን ነበር። እምቢ ካሉ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠን ሲሞቱ ማየት ይኖርብናል። ስለዚህ ዝምታችን በከፊል እርሳቸውን ይጠብቃል፤ በበለጠ ግን የሚጠብቀው እኛን ነው።

ሕጋችንም ቢሆን ይህን «እምቢ» ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 20፣ ማንኛውም ሰው የሕክምና ወይም የቀዶ ሕክምና ምርመራንም ሆነ ሕክምናን በማናቸውም ጊዜ እምቢ ለማለት እንደሚችል ይደነግጋል። እንደ ግዴታ ክትባት ያለ የሕዝብ ጥቅም የሚጠይቀውን ነገር ለይቶ ያስቀምጣል። ራሱን የሳተ ሰው ወይም ሕፃን መልስ ሊሰጥ ስለማይችል ሌላው ሊመልስለት ግድ ነው። አባቴ ግን ራሳቸውን አልሳቱም፤ ከእኛ ሃያ እርምጃ ርቀው ጋዜጣ ያነቡ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ተገቢ ተቃውሞ ሊያነሣ ይችላል። «ይህ ግለሰብን ብቻውን ያቆመ የሌላ አገር አስተሳሰብ ነው። እኛ ዘንድ ሰው የቤተሰቡ ነው፤ ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲሞት የሚቀብረው ወገኑ ነው፤ ሸክሙን የሚሸከም በውሳኔው ሊገባ አይገባውምን?» ይገባዋል። መምከርና ማልቀስ፣ መለመንና መቆጣትም የቤተሰብ መብት ነው። ይሁንና ሸክምን መጋራት አንድ ነገር ነው፤ ባለቤቱን ከጉባኤው ማስወጣት ሌላ ነው። ልማዳችንስ መደበቅን ብቻ ነውን ያስተማረን? መርዶ እንዴት እንደምንነግር እናስብ። መርዶ በመንገድ ላይ አይነገርም፤ ለብቻውም ለተቀመጠ ሰው አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ገና ሳይነጋ ይኬዳል፤ የሚነግረው ሰው ይመረጣል፤ የሚደግፈውም ከጎን ይቆማል። ነገር ግን ይነገራል። አባቶቻችን ያቆዩልን ጥበብ ክፉ ወሬ አይነገር የሚል ሳይሆን እንዴት እንደሚነገር የሚያስተምር ነው።

ሐኪሙ እስከ ማግሥቱ ረፋድ ጊዜ ሰጠን። ማለዳ ላይ አጎቴን፣ የአባቴን የረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባና ሐኪሙን ይዤ ወደ አልጋቸው ቀረብኩ። የነገርኳቸው እኔ ነኝ። አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ብዙ ቆዩ። ከዚያም «መነጽሬን አምጡልኝ» አሉና ወረቀቱን የተማሪ ፈተና እንደሚያርሙ ሁሉ መስመር በመስመር አነበቡት።

«ልጄ» አሉት ሐኪሙን፣ «ባይቆረጥ ስንት ጊዜ አለኝ? አሟሟቴስ እንዴት ነው?»

«ቀናት፤ ቢበዛ ጥቂት ሳምንታት። መርዙ ወደ ደም ሲገባ ትኩሳትና መቃዠት ይመጣል፣ አባቴ።»

«ቢቆረጥስ እተርፋለሁ ብለህ ትምላለህ?»

«አልምልም። ተስፋው ግን ይበልጣል።»

«የተቆረጠውስ የት ይደርሳል?»

«ቤተሰብ ከፈለገ ወስዶ ይቀብረዋል።»

ከዚህ በኋላ ሁላችንንም አስወጡን። እነዚያን ሁለት ሰዓታት በኮሪደሩ ላይ እንዴት እንዳሳለፍናቸው እኔ ነኝ የማውቀው። አጎቴ አላናገሩኝም። አባቴ እምቢ ቢሉ ኖሮ አጎቴ ዕድሜ ልካቸውን ይቅር እንደማይሉኝ ዐውቅ ነበር፤ እኔም ራሴን ይቅር ማለቴን አላውቅም። ረፋዱ ላይ ነርሷ ጠራችን። ወረቀቱ ተፈርሞ ነበር፤ በዚያ በሰሌዳ ላይ በለመድኩት የተስተካከለ የእጅ ጽሕፈታቸው።

አባቴ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። መጀመሪያ በክራንች፣ በኋላም በሰው ሠራሽ እግር ሄዱ። ታሪኩን ለማሳመር ብዬ ሁልጊዜ ደስተኛ ነበሩ አልልም። ደረጃ መውጣት ያቃታቸው ቀን፣ ለቅሶ ቤት ሄደው ሰዎች ሲሸከሟቸው ያፈሩ ቀን፣ «ምነው በዚያው በሄድኩ ኖሮ» ያሉበት ጊዜ ነበር። ሌሊት ሌሊት ደግሞ የሌለው እግራቸው ጣቶች ይበሏቸውና ያቃጥሏቸው ነበር። የተቆረጠ አካል እንዳለ ሆኖ መሰማቱ በሕክምና የታወቀ ነገር ነው፤ ለእርሳቸው ግን አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አልነበረም። በአራቱ ዓመታት ውስጥ በቁጣ የወቀሱን በዚህ ብቻ ነው፤ «እግሬን መቁረጣችሁን ነግራችሁኛል፤ ይህን ግን አልነገራችሁኝም» አሉን። «ማን ሰጣቸው?» ብለው ግን አንድም ቀን አልጠየቁም። የሰጠው ማን እንደሆነ ያውቁ ነበር።

እንግዲህ ሐኪም «ይደረግ» ያለውን ነገር መቀበል ወይም አለመቀበል ለሁሉ የሚሆን አንድ መልስ የለውም። በፍርሃት የተባለ እምቢታ ሁሉ ነጻነት አይደለም፤ ሳይጠይቁ የተባለ እሺታም መተማመን አይደለም። ባይደረግ ምን ይሆናል? ቢደረግ ምን ይቀርልኛል? ሌላ መንገድ አለን? ይህን መጠየቅ የታማሚው ፋንታ ነው። ያልተጠየቀውን ጭምር አሟልቶ መመለስ የሐኪሙ ነው። የቤተሰብ ፋንታ ከሁሉ ይከብዳል፤ መልሱን፣ እምቢታም ቢሆን፣ አልጋው አጠገብ ቆሞ መስማት ነው። እኔ በአክስቴ ጊዜ ይህን አልቻልኩም። በአባቴ ጊዜም የቻልኩት እየተንቀጠቀጥኩ ነው።