ፍርድ ቤት የሰረዘው ዕዳ፣ በዋስ ላይ የቀረው ሸክም

በአሜሪካ ከኪሳራ ፍርድ ቤት የዕዳ ስረዛ ትእዛዝ የተቀበሉ አንዳንድ ወጣት ኢትዮጵያውያን ከትእዛዙ በኋላ የሚያሳዩት ጠባይ፣ ለሚታዘቡ ታላላቆች ከኪሳራው ከራሱ ይልቅ የሚያሳዝን ሆኗል። መክሰር ነውር አይደለም፤ ሕመም፣ ከሥራ መባረር፣ ፍቺ ወይም ያልቀና ንግድ ጥንቁቁን ሰው ሳይቀር ሊጥለው ይችላልና፣ ወድቆ ለተነሣ ሰው ቤተ ክርስቲያንም አገሬውም ሲራራ ኖሯል። ነውሩ ያለው ከዚያ በኋላ በሚመጣው መዘናጋት ላይ ነው፤ የዳኛው ወረቀት በፖስታ በደረሰ ማግስት ሒሳቡ ሁሉ የተዘጋ ስለሚመስላቸው፣ ለመኪናቸው ኮሳይን ያደረገላቸውን፣ ማለትም እነርሱ ባይከፍሉ ሊከፍል አብሯቸው የፈረመውን ዋስ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲያዩት መንገድ እየቀየሩ ከአዲስ መኪና ሲወርዱ ይታያሉ።

ነገሩ እንዲገባ ሕጉ የሰጠውንና ያልሰጠውን አስቀድሞ መለየት ያስፈልጋል። በአሜሪካ የግል ኪሳራ የሚመራው እ.ኤ.አ. በ1978 በወጣውና በ2005 ይበልጥ በጠበቀው የፌዴራል ሕግ ሲሆን፣ አብዛኛው ቤተሰብ ከሁለት መንገዶች በአንዱ ያልፋል። ቻፕተር 7 የሚባለው፣ ትረስቲ ተብሎ የሚሾመው የንብረት ባለአደራ ሕግ ለባለዕዳው ከሚተውለት በላይ የሆነ ንብረት ካለ ሸጦ ለአበዳሪዎች የሚያከፋፍልበትና የቀረው ዕዳ የሚሰረዝበት ሥርዓት ነው፤ ብዙውን ጊዜም ማመልከቻው በገባ በ4 ወር ገደማ ይጠናቀቃል። ቻፕተር 13 ደግሞ ቋሚ ገቢ ያለው ሰው ፍርድ ቤት ባጸደቀው ዕቅድ መሠረት ከ3 እስከ 5 ዓመት በየወሩ እየከፈለ የሚቆይበት ሲሆን፣ ስረዛው የሚመጣው ዕቅዱን ከፈጸመ በኋላ ነው። በሁለቱም መጨረሻ የሚሰጠው ትእዛዝ ዲስቻርጅ ይባላል፤ እርሱም አበዳሪው የተሰረዘውን ዕዳ ከባለዕዳው ለመሰብሰብ እንዳይደውል፣ እንዳይጽፍ፣ እንዳይከስና ደመወዝ እንዳያስይዝ የሚከለክል የፍርድ ቤት እገዳ ነው።

ይህ እገዳ ግን ዳርቻ አለው። የልጅ ማሳደጊያና የቀድሞ የትዳር ጓደኛ ቀለብ፣ የቅርብ ዓመታት የገቢ ግብር፣ በማጭበርበር የተገኘ ገንዘብ፣ እንዲሁም ከባድ ችግር መኖሩ በተለየ አቤቱታ ካልተረጋገጠ በቀር የተማሪ ብድር ከስረዛው በኋላም ይቀጥላሉ። ቤት ወይም መኪና በመያዣነት የተሰጠበት ብድርም ቢሆን የሚሰረዘው የባለዕዳው የግል ኃላፊነት እንጂ መያዣው ስላልሆነ፣ ክፍያው ሲቆም ንብረቱ ይወሰዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ወጣቱ ሊያነብበው የማይፈልገው አንድ ድንጋጌ አለ፤ ስረዛው የከሰረውን ሰው ነጻ ሲያወጣ አብሮት የፈረመውን ሰው ነጻ አያወጣም። በቻፕተር 13 ለቤተሰብ ፍጆታ ለተወሰደ ብድር ዋስ የሆነውን ሰው ዕቅዱ እስኪያልቅ ድረስ ሕጉ በመጠኑ ይከልለዋል፤ በቻፕተር 7 ግን ያ ከለላ እንኳ የለም። አበዳሪው ከባለዕዳው ላይ እጁን ሲያነሣ ቀሪውን ሒሳብ ይዞ ወደ ዋሱ ይዞራል፤ ዋሱ ከፍሎ ወደ ባለዕዳው ቢመለስ ደግሞ፣ የእርሱም የመጠየቅ መብት በፍርድ ቤቱ መዝገብ ከሰፈሩት ዕዳዎች ጋር አብሮ የሚሰረዝ በመሆኑ፣ የክስ በር ተዘግቶ ያገኘዋል።

በአገር ቤት ዋስ እንዲህ ሜዳ ላይ የተጣለ አልነበረም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከፍሎ የተገኘ ዋስ ገንዘቡን ከዋናው ባለዕዳ እንዲያስመልስ መብት የሰጠው ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበረው ሥርዓትም ዋስ ያጣ ባለዕዳ ከአበዳሪው ጋር በአንድ ሰንሰለት ቁራኛ ታስሮ ይሄድ ስለነበር፣ ዋስ የሚባለው ያንን ሰንሰለት ከወገኑ እጅ የሚያወርድ ሰው ነበር። ዛሬም በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ ክሬዲት ያልገነባ አዲስ መጤ ቤት የሚከራየውና የመጀመሪያ መኪናውን ለሥራ የሚያወጣው፣ ብዙ ጊዜ አንድ ቀድሞ የመጣ ዘመድ ወይም የአጥቢያው ሰው አብሮት ስለፈረመ ነው። ይህ ሰው በረዥም ዓመታት የሌሊት ፈረቃ ያገኘውን መልካም ስም ለሌላ ሰው ስላዋሰ፣ ባለዕዳው ሳይከፍል ያሳለፈው ወር ሁሉ በእርሱም የክሬዲት መዝገብ ላይ ይሰፍርበታል፤ ለልጁ የኮሌጅ ብድር ሊፈርም ሲሄድ ያላበላሸው ሒሳብ ይቆጠርበታል። ዕጣው ቀድሞ ወጥቶለት ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ ቀሪውን ሳይጥል የከሰረ የዕቁብ አባልም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ የዕቁቡ ዳኛ ጉድለቱን ከኪሱ ሞልቶ ለተረኛው ከፍሎ ነገሩን በሆዱ ይዞታልና።

ስለ ቤት ኢኮኖሚ መልሶ መገንባት የሚባለው ብዙ ቢሆንም ዋና ዋናው በአጭሩ ሊነገር ይችላል። በቅድሚያ ከስረዛው ጥቂት ወራት በኋላ ከሦስቱ የክሬዲት መዝገብ ያዦች፣ ከኢኩዊፋክስ፣ ከኤክስፔሪያንና ከትራንስዩኒየን፣ በነጻ የሚገኘውን መዝገብ አውጥቶ የተሰረዘው ዕዳ ሁሉ ቀሪው ዜሮ ተብሎ መጻፉን ማረጋገጥ፣ ስሕተት ካለም በጽሑፍ ማመልከት ይገባል። ቻፕተር 7 ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ እስከ 10 ዓመት፣ ቻፕተር 13 ደግሞ በተለምዶ 7 ዓመት በመዝገቡ ላይ ይቆያል፤ ሆኖም በፋይኮ አሠራር፣ ማለትም አበዳሪዎች በሚጠቀሙበት የተበዳሪ ነጥብ አሰጣጥ፣ 35 በመቶው በጊዜው ከመክፈል፣ 30 በመቶው ደግሞ ከተያዘው የዕዳ መጠን የሚመጣ በመሆኑ፣ በየወሩ በቀኑ የሚከፍል ሰው መዝገቡ ሳይነሣም ነጥቡ ከፍ ይላል። ለዚህም ሴኪውርድ የሚባለው፣ ባለቤቱ አስቀድሞ ባስያዘው 200 ወይም 300 ዶላር ልክ የሚሰጥ ካርድ፣ ለነዳጅ ብቻ ተይዞ በየወሩ ሙሉ በሙሉ ከተከፈለ ይበቃል። ለአንድ ወር ቀለብና ኪራይ የሚሆን ገንዘብ ሳይቀመጥ ሌላ ነገር አይታሰብ። አሥራት ከደረሰው ገቢ ልክ ይወጣል እንጂ በካርድ አይከፈልም፤ ለአገር ቤት የሚላከውም የተቆረጠ ልክ ይኑረው፤ ክርስትና፣ ልደትና ሠርግ ዐቅም በፈቀደው እንጀራና ወጥ ይለፍ። ቤት መግዛት ለሚመኝም፣ በፌዴራል የቤቶች አስተዳደር ዋስትና የሚሰጠው ብድር ከቻፕተር 7 ስረዛ በኋላ በመደበኛው 2 ዓመት፣ የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች በሚገዛው በፋኒ ሜይ ደንብ የሚሰጠው ደግሞ 4 ዓመት መጠበቅን ስለሚጠይቅ፣ ያ ጊዜ የቁጠባ ጊዜ ይሁን።

ስለ መኪና ግን ጥቂት መጨመር ግድ ይላል። የኪሳራ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ስለሆነ፣ ስረዛው እንደተሰጠ መኪና ሻጮች ለከሰረው ሰው የብድር ደብዳቤ ይልካሉ፤ ወጣቱም ደብዳቤውን የመታመን ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። ሻጩ የሚያውቀው ግን ሌላ ነው፤ በቻፕተር 7 ስረዛ ያገኘ ሰው ከቀደመው ማመልከቻ 8 ዓመት ሳይሞላ በዚያው ቻፕተር ዳግመኛ ስረዛ ማግኘት ስለማይችል፣ አዲሱ ዕዳ እንደ ፊተኛው በቀላሉ አያመልጠውም። የ20,000 ዶላር መኪና በ20 በመቶ ወለድ ለ6 ዓመት የወሰደ ሰው በየወሩ ወደ 479 ዶላር እየከፈለ በመጨረሻው ወደ 34,500 ዶላር ያወጣል፤ ትርፍ የሆነው 14,500 ዶላር አንድን ዋስ ከነሙሉ ክብሩ ለመካስ የሚበቃ ገንዘብ ነው።

የዚህ ምክር ጸሐፊ ባደገበት የጎጃም ገጠር አባቱ ለአንድ ጎረቤት ዋስ ሆነው ነበር። በዚያ ዓመት አዝመራውን ዋግ ስለመታው ጎረቤቱ መክፈል አቃተው፤ አባቱም ከሁለቱ በሬዎቻቸው አንዱን ሸጠው ለአበዳሪው ከፈሉና በተከታዩ ክረምት ከሌላ ሰው በሬ ጋር ተቀናጅተው አረሱ። ጎረቤቱ ዳኛ ሳይጠራው፣ ሽማግሌም ሳይላክበት፣ አውድማ በተነሣ ቁጥር ጤፉን በአህያ ጭኖ ይመጣና ከደጅ ያራግፍ ነበር፤ የጸሐፊው እናት ጠላ ቀድተው ያስቀምጡታል፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ልጆች ይወራል፤ ስለ ዕዳው ግን ከሁለቱም ወገን ቃል አይወጣም። የመጨረሻው ጭነት በገባበት ዓመት አባቱ ያንን ሰው ለታናሽ ልጃቸው የክርስትና አባት አደረጉት። ያ ጎረቤት ፊደል ያልቆጠረ ሰው ነበር፤ የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚለውን ግን በሥራው ያውቀው ነበር።

በዚህ ዘመን ኮሌጅ የገባው ልጅ የሚሰጠው መልስ ሕጉ ነጻ አውጥቶኛል የሚል ነው። ይህ መልስ ሕጉን በግማሹ ብቻ ማንበብ ነው፤ የኪሳራ ሕጉ ራሱ ባለዕዳው በፈቃዱ የትኛውንም ዕዳ ከመክፈል እንደማይከለከል በግልጽ ደንግጓልና። ሕግ አስገድዶ አይወስድም፣ ፈቅዶ የሚሰጠውንም አይከለክልም፤ በዚህ መካከል የቀረው ባዶ ቦታ ለሕሊና የተተወ ነው። በእርግጥ ጊዜውን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባለው አንድ ዓመት ውስጥ ለዘመድ ተለይቶ የተከፈለን ዕዳ ባለአደራው ከዘመዱ ሊያስመልሰው ይችላል፣ በቻፕተር 13 ዕቅድ ውስጥ ያለም ሰው ያለ ጠበቃው ምክር ከዕቅዱ ውጭ አይክፈል። ለዘመድ በመራራት ስሙን ለፍርድ ቤቱ ከሚቀርበው የዕዳ ዝርዝር ማስቀረትም ስሕተት ነው፤ ዝርዝሩ የሚቀርበው በመሐላ ስለሆነ የሁሉም አበዳሪና ዋስ ስም ሊሰፍርበት ይገባል። ስረዛው ከተገኘ በኋላ ግን ምክንያት ሁሉ ያበቃል። 6,000 ዶላር የከፈለ ዋስ በወር 100 ዶላር ቢላክለት በ5 ዓመት ይካሳል፤ ያው ወጣት ለአዲሱ መኪና ሊከፍል የተስማማው የወር ክፍያ ከዚህ አራት እጥፍ ይበልጣል።

በዚህ ላይ ደግሞ መጽሐፍ ጠቅሶ የሚከራከር አይጠፋም፤ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 15 በየ7 ዓመቱ ዕዳ እንዲተው ታዝዟል ይላል። ትእዛዙ የተሰጠው ግን እንዲምር ለአበዳሪው ነው፤ ተበዳሪው የሚመካበት ቃል አልወጣለትም፤ ዋስ ደግሞ ከመጀመሪያውም አበዳሪ አልነበረም። ይልቅስ ኤልሳዕ ባል የሞተባትን ባለዕዳ ሴት የረዳበት ታሪክ ይጠናል፤ ዘይቱ በተአምር ከበዛላት በኋላ ነቢዩ ያዘዛት ሸጣ አስቀድማ ዕዳዋን እንድትከፍል፣ ከዚያም በቀረው ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነው። ዘይቱ የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑ ዕዳውን አላስቀረውም፤ የዕዳ ስረዛንም ከእግዚአብሔር የተሰጠ ዕፎይታ ነው የሚል አማኝ በዚያው ቅደም ተከተል ሊሄድበት ይገባል።

ጸሐፊው ራሱ በዚህ አገር ለአንድ ወጣት ፈርሞ የቀረውን ሒሳብ ለብቻው ጨርሷል፤ ወጣቱም ዛሬ በበዓል ቀን በሩቁ እጁን ያውለበልብለታል። ገንዘቡ ተረስቷል ቢባል ሐሰት አይሆንም፤ ያልተረሳው፣ ከዚያ ወዲህ ሌላ መጤ አብሮ የሚፈርምለት ሲለምን ስንቱ በር እንደተዘጋበት ነው። ዋሱን የጣለ ወጣት የሚጎዳው አንድ ሽማግሌን ብቻ ሳይሆን ከአገር ቤት ገና በመንገድ ላይ ያለውን ታናሹን ጭምር ነው፤ ባንኩ ላልታመነው እንግዳ የቀረው ብቸኛ መተማመኛ የወገኑ ፊርማ ነበርና።

ስለዚህ ከኪሳራ የወጣ ወጣት የክሬዲት ነጥቡን ከመቁጠሩ በፊት የዋሶቹንና የዕቁብ ባልንጀሮቹን ስም ይቁጠር። የወር ቀለቡን ካስቀመጠ በኋላ ከሚተርፈው ላይ፣ ትንሽም ብትሆን ሳያቋርጥ፣ ለእነርሱ ይላክ፤ ገንዘብ በሌለው ወር እንኳ ደውሎ ሊከፍል እንዳሰበ በቃሉ ይንገራቸው። ዋሱ ዐርፎ ከሆነ ለልጆቹ ይክፈል።