ያልተሳፈርንበት አውሮፕላን

ፒያሳ፣ ከኑር መስጊድ ዐስር ሰግጄ ስወጣ ሁለት ወጣቶች ስለ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ኳስ ይከራከራሉ። እዚያ አሠልጣኙ ተጫዋች ለመመልመል በግል አውሮፕላን ይበራል፤ አንዳንዱ ውል ለግል ጉዳዩ ጭምር የበረራ ሰዓት ይፈቅድለታል። ደጋፊው ግን አይቆጣም። እንዲያውም የአውሮፕላኑን ቁጥር እየተከታተለ ማን እንደሚቀጠር ይገምታል። አንደኛው ወጣት፣ «ለጋሾች የሰጡት ገንዘብ ነው፤ አንተ ምን አገባህ?» አለ። ለጋሹ እኮ በስጦታው ከግብር ይቀነስለታል! ያንን የሚሞላው ማን ነው?

ይህን ልናገር አስቤ አፈርኩ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ግብጽን በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች 2 ለ 0 ሲረቱ ከጮሁት አንዱ እኔ ነኝ። ጨዋታው በሜዳችን ነው ተባለ፤ ሜዳችን ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነበር! የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በ2014 መጀመሪያ የባሕር ዳርን ስታዲየም ስላገደ፣ ቡድኑ እንግዳ ለመቀበል ራሱ እንግዳ ሆኖ በረረ። ለአውሮፕላኑና ለሆቴሉ ማን ከፈለ? ባለው ስታዲየም ላይ የጎደለው ሳይሟላ ለምን ቀረ? ያን ምሽት አልጠየቅኩም። ብንሸነፍ ኖሮ በማግሥቱ እጠይቅ ነበር።

የሚከነክነኝ ይኸው ነው። የሕዝብ ገንዘብ አማና ነው ብለን እናምናለን፤ ታዲያ አማናው የሚጠየቀው ስንሸነፍ ብቻ ነው? የቀበሌው ሹም መኪና ቢቀይር ሒሳቡን የምናሰላ ሰዎች፣ ማሊያ የለበሰውን ግን እናልፋለን። ጉቦ አልበላንም፤ የበላነው ደስታ ነው። ወጣቶቹ ወደ አራት ኪሎ ታክሲ ሲሳፈሩ ክርክሩ ገና አላለቀም ነበር።