የቡና ቁርስና «በሞቴ»

በእኛ አገር ፍቅር ብዙ ጊዜ የሚለካው በስኳር ማንኪያ ነው። እንግዳው «አንድ ይበቃኛል» ሲል ባለቤቲቱ ሦስት ትጨምርለታለች። «ኧረ ተይ!» ቢላት፣ «ምነው፣ ስኳር ጠፋ ተብሎ ይወራብን እንዴ?» ትላለች። ዳቦው ይቆረሳል፣ የገብስ ቆሎው ይዘገናል፣ ድንቹ ይቀርባል። ሰውየው እጁን ከሰበሰበ «በሞቴ!» ይመጣል። በሞቴ ከተባለ በኋላ ደግሞ እምቢ ማለት ጭካኔ ይመስላልና ይበላል።

ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ ከዱራሜ እስከ ሀደሮ ነገሩ ያው ነው። አዲስ አበባም አትለይም። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ይህ እንግዳ የስኳር ሕመምተኛ ቢሆንስ? ያስገደድነው አክብረነው ነው ወይስ ጎድተነው?

«ታዲያ አፍ የለውም? አይናገርም?» ትሉ ይሆናል። መናገሩ ቀላል አይደለም። «ስኳር አለብኝ» ያለ ሰው ወይ ከንፈር ይመጠጥለታል፣ ወይ «የሀብታም በሽታ ያዘህ?» ተብሎ ይቀለድበታል። ቀልዱም ስህተት ነው። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘውን የስኳር ሕመም «ዓይነት 5» ብሎ ለይቶ እውቅና ሰጥቶታል። ይህ ቀጫጭንና ችግረኛ ሰዎችን የሚይዝ ሕመም ነው። ጠግቦ ያደረ ብቻ አይደለም የሚታመመው።

እስቲ ወደ ማዕዱ እንመለስ። ትምህርት ቤት ምግብን ኃይል ሰጪ፣ ገንቢና በሽታ ተከላካይ ብለን ተምረናል። እንሰት በድርቅ ዘመን ሕዝብ ያተረፈ ባለውለታ ነው። ቆጮና ቡላ ግን ከሞላ ጎደል ኃይል ሰጪ፣ ማለትም ካርቦሃይድሬት ናቸው፤ ገንቢው በጣም ጥቂት ነው። አባቶችና እናቶች ይህን ያውቁ ይመስል ቆጮን ብቻውን አያቀርቡም ነበር፤ ጎመኑ፣ አይቡ፣ ሲገኝም ሥጋው ይከተለዋል። የተመጣጠነ ምግብ የሚባለው ይኸው ነው።

ሚዛኑ የሚዛባው የቡናው ሰዓት ላይ ነው። ምሳ ቆጮ የበላ ሰው በቡና ቁርስ ዳቦ፣ ድንች፣ ስኳር ድንች፣ ከዚያም ጣፋጭ ቡና ይጨመርለታል። እያንዳንዱ ምግብ ለብቻው ጠላት አይደለም፤ ክፋቱ መደራረቡ ነው። ለክብር የምንከፍተው ለስላሳማ ይብሳል። 300 ሚሊ ሊትር ከሚይዘው የኮላ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል፣ ሰባት የሻይ ማንኪያ የሚሞላ ስኳር አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በቀን 2000 ካሎሪ ለሚመገብ ሰው እንዲህ ያለው ስኳር ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ከ25 እንዲያንስ ይመክራል። ማርም ሲበዛ ይመራል ይባል የለ!

ምን ይቅረብ ታዲያ? የሽምብራና የባቄላ ቆሎ፣ ለውዝ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አይብ በጎመን፣ ስኳር ያልነካው አቮካዶ። ከጓሮ የማይጠፉ ናቸው። ግን በገበያ ቀን እንቁላሉና አቮካዶው ይወጣሉ፣ ስኳርና ብስኩት ይገባሉ። እንቁላል ሸጣ ለልጇ ደብተር የምትገዛን እናት ማንም ሊመክራት አይነሳ፤ ከኛ ይልቅ እሷ ታውቃለች። እንቁላሉን ሸጠን ለእንግዳ ፊት ብስኩት የምንገዛው ግን፣ ገንቢውን በይሉኝታ እየለወጥን አይደለም ወይ?

«በተራበ አገር ስለ ትንሽ መብላት ማውራት ነውር ነው» የሚል አይጠፋም። እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 በዚሁ በሀዲያና በከምባታ፣ ምድሩ አረንጓዴ ለብሶ ሳለ ሕፃናት በምግብ እጥረት ተጎድተዋል። «በሞቴ»ም ምናልባት ከዚሁ የመጣ ደግ ነገር ነው። የራበው እንግዳ አፍሮ «ጠግቤያለሁ» ይላል፤ ሦስት ጊዜ ሲለመን ግን ክብሩ ሳይነካ ይበላል። አስተናጋጁ የሚሰማው እንግዳው አፍሮ የደበቀውን ነው።

ጥበቡ ያ ከሆነ ዛሬም ያው ነው። ትናንት ከ«እምቢ» ጀርባ ረሃብ ነበር፤ ዛሬ ሕመም ሊኖር ይችላል። ሁለቱን መለየት የእንግዳው ሳይሆን የጋባዡ ዕዳ ነው። በትሪው ላይ ከዳቦው ጎን ሽምብራ ይቀመጥ፣ ስኳሩ ለብቻው ይቅረብ፣ ሰው የፈለገውን ያንሳ። ለራበው እጥፍ ይሰጠው። መርፌ ወይም ክኒን የሚወስድ ሰው ደግሞ ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ አይቀንስ፤ ስኳሩ በድንገት ቢወርድ ሕይወቱን የሚያተርፈው ያ የሸሸነው ስኳር ነውና።

እንግዳን ማክበር የሚጀምረው የሚለውን ከመስማት ነው። ካልሰማነው ግን የምንመግበው የራሳችንን ስም ነው።