የማይጠቅም ዕውቀት ይጠቅማልን?

በዳላስና በፎርት ወርዝ አካባቢ የምንኖር ምእመናን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጠበል ጸዲቅ ቀምሰን ቡና ስንጠጣ የምንጨዋወተው ነገር በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የሚጠቅመው ነው፤ ይኸውም ሥራ የት እንደሚገኝ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻ የት እንደ ደረሰ፣ የትኛው የመኪና ኢንሹራንስ እንደሚረክስ የምንጠያየቀው ነው። ሁለተኛው ደግሞ አንዳች የማይጠቅመው ነው። ዛሬ ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ጥቂት ለማለት እንወዳለን።

ለምሳሌ ያህል፣ ከእኛ መካከል አንዳንዶች ወደዚህ አገር እንደ መጡ በሌሊት ተራ የሠሩበት ሰቨን ኢለቨን የተባለው ሱቅ የተጀመረው እዚሁ ዳላስ ውስጥ በ1927 እ.ኤ.አ. ከአንድ የበረዶ መሸጫ ነው። ስያሜውን በ1946 እ.ኤ.አ. ያገኘውም በፈረንጅ ሰዓት ከጧቱ 7 እስከ ምሽቱ 11 ክፍት ስለ ነበረ ነው። በእኛ ሰዓት ግን ይህ ከጧቱ 1 እስከ ምሽቱ 5 ስለሆነ፣ ባለቤቱ ኢትዮጵያዊ ቢሆን ኖሮ ሱቁ «አንድ አምስት» በተባለ ነበር። ይህን ማወቅ ደመወዝ አይጨምርም፤ የቤት ኪራይም አይከፍልም። ሆኖም የሰማው ሁሉ ፈገግ ብሎ ለሌላው ሳይነግር አያድርም።

እንዲህ ያለውን ወሬ እንቶ ፈንቶ ነው፣ ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ አሉ። ነቀፋቸው ከንቱ አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ፍቅር የሌለበት ዕውቀት ሰውን እንደሚያስታብይ አስጠንቅቋል። እኛም ይህን በገዛ ማዕዳችን ላይ አይተነዋል።

ቀድሞ በአገር ቤት መምህር የነበሩ፣ እዚህ ግን ሌሊት ሌሊት የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቁ አንድ አባት አሉን። አንድ እሑድ ስለ ሻምበል አበበ ቢቂላ አጫወቱን። በ1960 እ.ኤ.አ. በሮም በባዶ እግሩ ሲሮጥ፣ በ2005 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ በተመለሰውና ያን ጊዜ ግን እዚያው ሮም ቆሞ በነበረው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ማለፉን ነገሩን። ቀጥለውም ደረቱ ላይ የነበረው ቁጥር 12 ነው አሉ። ከወጣቶቻችን አንዱ ወዲያው «አባባ፣ 11 ነው እንጂ 12 አይደለም፤ የማያውቁትን ባይናገሩስ?» አለ። ቁጥሩ በእርግጥ 11 ነበር። እኛም ሳቅን። እርሳቸው ሲኒያቸውን አስቀምጠው ዝም አሉ። ከዚያ በኋላም ለብዙ ሳምንታት ቅዳሴው እንዳለቀ ቀጥታ ወደ ቤታቸው ይሄዱ ነበር።

ወጣቱ የተናገረው እውነት ነው፤ ነገር ግን ለስጦታ የመጣውን ነገር ጅራፍ አደረገው። የሳቅነው እኛም ጅራፉን አብረን ይዘን ነበር።

ወጣቱ በኋላ ጸጸት ያዘውና አንድ ሌሊት ወደ ሥራ ቦታቸው ሄደ። ይቅርታ መጠየቁ አፉ ላይ ቢከብደው «አባባ፣ የዳላስ ፎርት ወርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ የጀመረው መቼ እንደሆነ ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። እንደማያውቁ ነገሩት። «ጥር 5 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው፤ የየካቲቱ አብዮት ሊፈነዳ አንድ ወር ያህል ሲቀረው» አላቸው። እርሳቸውም ጥቂት አሰቡና በ1966 ላይ 5500 ደምረው ለአራት ሲያካፍሉት ሁለት ተረፈ፤ «እንግዲያው ዘመኑ ማርቆስ ነበር» አሉት። ወጣቱ በስደት አድጎ ባሕረ ሐሳብ ሰምቶ አያውቅምና ቁጭ ብሎ እስኪነጋ ተማረ። በሚቀጥለው እሑድ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው ቡና ጠጡ።

ውድ አንባብያን፣ ከዚህ የተማርነው የማይጠቅም ዕውቀት ውሎ አድሮ ይጠቅማል የሚል አይደለም። ዘመነ ማርቆስን ማወቅ ዛሬም እንጀራ አያበላም። ነገር ግን በስደት ኑሮ እርስ በርሳችን የምንፈላለገው አብዛኛውን ጊዜ ለጉዳይ ነው፤ ስልክ ሲደወል «ምን ሊጠይቀኝ ይሆን?» እንላለን፤ ጉዳዩ ሲያልቅም ግንኙነቱ አብሮ ያልቃል። አንዲት የማትረባ ቁም ነገር ይዞልን የመጣ ሰው ግን ከእኛ የሚፈልገው ፊታችን ሲፈካ ማየት ብቻ ነው። መምህርነታቸው በዚህ አገር ዋጋ ላጣባቸው አባትም፣ ዋጋ ሳይጠይቁ የሚሰጡት ነገር መኖሩ ክብራቸው ነው። የሰጡት ከእጃቸው አይጎድልም፤ የተቀበለውም ባለ ዕዳ አይሆንም።

ስለዚህ ያወቅነውን እናካፍል፤ የተሳሳተውንም ሳናሳፍር እናርም። አንድ ሰው የምናውቀውን ነገር ሲነግረን ደግሞ እንደ አዲስ መስማት ትልቅ ልግስና መሆኑን አንርሳ።

ቸር ያሰንብተን።