ያልታየውን የሚመሰክር መሣሪያ

ለዝቅተኛ ድግግሞሽ የሬዲዮ ሥነ ፈለክ የሚሠሩ አንቴናዎች በብዛት ከመተከላቸው በፊት በጥቂቱ ተሠርተው ይፈተናሉ። ሥራው የመሐንዲስ ነው፤ በውስጡ ያለው ጥያቄ ግን የፈላስፋም የሃይማኖት ሰውም ነው። የአንቴናው ትክክለኛነት የሚረጋገጠው ከሰማይ በሚሰማው ነው፤ የሰማዩ ድምፅ ደግሞ የሚታወቀው በአንቴና ብቻ ነው። ማንም ያላየውን ለሚመሰክር ማን ምስክር ይሆንለታል?

የጥያቄውን ክብደት ለማየት ሐዋሳ ጥሩ ማሳያ ናት። የኤፍ ኤም ጣቢያዎች የሚናገሩት ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት ዘመን ምልክት የሚፈለገውም በዚሁ የሞገድ ክልል አካባቢ ነው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ማሽኖች፣ የኤሌክትሪክ መስመሩና ተሽከርካሪው የየራሳቸውን ጫጫታ ያክላሉ። ከተማዋ ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ ብዙ ስለማትርቅም፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አዮኖስፌር የተባለው የላይኛው የአየር ንብርብር ሲታወክ ከህዋ የሚመጣው ሞገድ ይርገበገባል። ከዚህ ሁሉ ሁከት ውስጥ የሰማዩን መለየት የፈተናው ዋና ጉዳይ ነው።

ፈተናው ከሚታወቅ ነገር ይነሣል። መጠኑ የታወቀ ምልክት የሚያሰራጭ ድሮን በአንቴናው አናት ላይ ይበርራል፤ ፀሐይና ፍኖተ ሐሊብ በየሰዓቱ የት እንደሚሆኑ ስለሚታወቅም የተሰማው ከእነርሱ ጋር ይመሳከራል። ከዚህ የሚጠነክረው ሁለተኛ ምስክር ማቆም ነው። በምዕራብ አውስትራሊያ ሙርቺሰን፣ 131,072 አንቴናዎች እንዲኖሩት ለታቀደው ኤስኬኤ-ሎው ቴሌስኮፕ ዝግጅት፣ ኤኤቪኤስ2 እና ኢዲኤ2 የተባሉ ሁለት የሙከራ ጣቢያዎች ተተክለዋል፤ እያንዳንዳቸው 256 አንቴና አላቸው። የአንቴናቸው ቅርጽ ይለያያል፣ ከላያቸው ያለው ሰማይ ግን አንድ ነው። ስለዚህ የተስማሙበትን ለሰማዩ፣ የተለያዩበትን ለመሣሪያው ለመስጠት በቂ ምክንያት አለ።

ሁለተኛ ምስክር ለምን እንደሚያስፈልግ በግልጽ ያሳየው በዚያው በሙርቺሰን የተተከለው ኤጅስ የተባለ አነስተኛ አንቴና ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎቹ በ78 ሜጋኸርዝ አካባቢ የመጀመሪያዎቹ ከዋክብት አሻራ የሚመስል ምልክት እንዳገኙ አሳወቁ። ምልክቱ ግማሽ ኬልቪን ያህል ሲሆን፣ የራሳችን ጋላክሲ ጨረር በሺዎች እጥፍ ይበልጠዋል። የሕንዱ ራማን የምርምር ተቋም ባለሙያዎች ደግሞ ሳራስ 3 የተባለውን አንቴና ሐይቅ ላይ አንሳፈፉት፤ ከአፈርና ከድንጋይ ድርብርብ የሚመለሰው ሞገድ እንዳያታልል፣ ከሥሩ ወጥ የሆነ ውሃ ብቻ እንዲኖር ብለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ውጤታቸው የኤጅስን ምልክት በ95.3 በመቶ እርግጠኝነት ውድቅ አደረገ።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትውፊት ራእይ ያየ መነኩሴ በራሱ ፍርድ እንዳይደገፍ፣ ያየውን ለነፍስ አባቱ እንዲገልጥ ይመከራል፤ የራስ ምኞትም የጠላት ማታለልም የሰማይን መልክ ይዞ ሊመጣ ይችላልና። ስጋቱ የመሐንዲሱን ይመስላል፣ መፍትሔው ግን ይለያል። የነፍስ አባት በልምድና በሥልጣን ከልጁ ይበልጣል፤ ከሁለት አንቴናዎች ግን አንዱ የሌላው አለቃ አይደለም። ለአንቴናዎቹ ሁኔታ ይበልጥ የሚቀርበው የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ የሚባለው፣ ደራሲነቱ ግን እስከ ዛሬ የሚያከራክረው የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ነው። ሁሉም የእኔ እምነት እውነት ነው ሲል ዳኛው ማን ይሁን ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱም ፈጣሪ ለሰው ሁሉ በሰጠው ልቡና መመርመር ነው።

መልሱ ለአንቴናም ይሠራል፣ ግን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ምስክሮች አንድ ዓይነት ጉድለት ካለባቸው ስምምነታቸው ብዙ አይረባም፤ የሚታመነው ጉድለታቸው የማይመሳሰል ምስክሮች ሲስማሙ ነው። መሣሪያና ሰማይ እርስ በርስ የሚመሰካከሩበት አዙሪት በዚህ ይላላል እንጂ አይጠፋም፤ ሰማዩን ያለ መሣሪያ የሚሰማ ዳኛ የለምና። የኤጅስና የሳራስ ክርክርም በዚሁ መንገድ እየታየ ነው፤ በደቡብ አፍሪካ ካሩ የሚገኘው ሪች የተባለው ሙከራ ያንኑ የሞገድ ክልል በሌላ ቅርጽ አንቴናና በሌላ የስሌት ዘዴ ይመረምራል።