የካሳ ሁለተኛ መጽሐፍ

ከነፋስ መውጫ ወደ ጋሸና የሚሄደው መኪና ጨጨሆ ሲደርስ ተሳፋሪው ወሬውን ያቋርጣል። ገደሉ ዝም ያሰኛል። እኔ ግን እዚያ ቦታ ላይ ሁልጊዜ የሚታየኝ ገመድ ነው። በ1860 መግቢያ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በሠረገላ አስጭነው፣ ጋይንትን አቋርጠው ወደ መቅደላ ሲጓዙ ይህን ገደል መሻገር ነበረባቸው። ለሠረገላ የሚሆን መንገድ አልነበረም። ቋጥኙን እያስፈለጡ፣ መድፉን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ፣ ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ንጉሡ ራሳቸው ከሠራተኛው ጋር መንገድ ይጠርጉ እንደነበር በዘመኑ የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈዋል።

ይህን ሰው ምን እናድርገው? ጥያቄዬ የታሪክ ብቻ አይደለም፤ የተረትም፣ የልብ ወለድም፣ የፊልምም ጥያቄ ነው። የመጀመሪያውን ታሪክ ሁላችንም እንወደዋለን። በ1845 ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በዚያው ዓመት አይሻል ላይ ራስ አሊን ድል የነሣ፣ በ1847 ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ የጫነ የቋራ ልጅ ካሳ! ታሪኩ እዚያ ቢያበቃ ማን ይጠላ ነበር? ክፍል ሁለት ግን አለ። በክፍል ሁለት ጀግናው ያረጃል፣ ወዳጆቹ ይሞቱበታል፣ ቁጣው ከፍርዱ ይቀድማል።

የሚገርመው ቋንቋችን ራሱ ይህን ችግር ያውቀዋል። ካሳን «እሱ» እንላለን፣ ቴዎድሮስን «እሳቸው»። እኔም ሁለት አንቀጽ ሳልጨርስ ሁለቱንም ብያለሁ። አማርኛ ተራኪ ጀግናውን ሲያሳድግ «አንተ»ን ወደ «አንቱ» መለወጥ አለበት፤ በዚያች ለውጥ ውስጥ አክብሮትም አለ፣ መራቅም አለ። በአንቱታ ብቻ የተጻፈ ተከታይ ታሪክ ሐውልት ይሆናል፤ ሐውልት ደግሞ አይሳሳትም፣ ስለዚህ አይታዘንለትም። በአንተታ ብቻ የተጻፈው በሽማግሌ መሳቅ ይሆናል።

የቴዎድሮስ ዜና መዋዕሎች ሁለቱን አደጋዎች በሚገባ ያሳያሉ። የደብተራ ዘነብ ትረካ በ1852 አካባቢ ይቆማል። የንጉሡ ባለቤት እቴጌ ተዋበች በ1850 ሞተዋል፣ የንጉሡ ወዳጅ የነበረው እንግሊዛዊ ፕላውደን በ1852 ተገድሏል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ዘነብ አይነግረንም። አንባቢው ካሳን ገና ትኩስ እንደሆነ ይሰናበተዋል። ከንጉሡ ሞት በኋላ የጻፉት አለቃ ወልደ ማርያም በበኩላቸው መጨረሻውን ሁሉ ያዩ ናቸው፤ በእሳቸው መጽሐፍ የምናገኘው ሰው የሚያስፈራ ነው። ሁለቱን መጻሕፍት ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ስለ አንድ ሰው የተጻፉ አይመስለውም። የእኔ ቅሬታም ይኸው ነው። አለቃ ወልደ ማርያም ጭካኔውን በመጻፋቸው አላማቸውም፤ መጻፍ ነበረበት። የጎደለው በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ያለው ድልድይ ነው።

በጎረቤት እንፍራዝ ደግሞ ፍጹም የተለየ ዓይነት ተከታይ አለን። የደራሲነቱ ክርክር እንዳለ ሆኖ፣ የፈላስፋው ዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ መጨረሻ ላይ ደቀ መዝሙሩ ወልደ ሕይወት የመምህሩን እርጅና ይጨምራል፤ 93 ዓመት ኖሮ፣ የልጅ ልጆቹን አይቶ፣ በሰላም አረፈ ይለናል። ደስ የሚል ፍጻሜ ነው። ነገር ግን ፈላስፋውን የምናስታውሰው ከተሸሸገበት ዋሻ እንጂ ከጡረታው አይደለም። ሰርቫንቴስ ባሰበት መንገድ ደግሞ ክፍል ሁለት መቃብር ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1614 ሌላ ሰው የዶን ኪሾትን ተከታይ በሐሰት አሳተመበት፤ እሱም በ1615 የራሱን ክፍል ሁለት አውጥቶ ጀግናውን በመጨረሻው ምዕራፍ ገደለው፣ ሌላ እጅ ዳግመኛ እንዳይነካው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የስታር ዋርስ ፊልም ሉክ ስካይዎከርን በደሴት የተሸሸገ፣ ተስፋ የቆረጠ ሽማግሌ አድርጎ ሲያመጣው በልጅነታቸው የወደዱት ብዙዎች ተቆጡ። ቁጣቸው ይገባኛል። ጀግናው በመውደቁ ብቻ ግን የተቆጡ አይመስለኝም፤ የወደቀበትን መንገድ ስላላመኑት ነው።

እንግዲህ መስፈርቱን እንዲህ አስቀምጠዋለሁ፦ ያረጀው ጀግና የሚወድቅ ከሆነ፣ የሚወድቀው በወደድንለት ነገር ይሁን። ሌላ ድክመት ከውጭ መጥቶ አይለጠፍበት። ከካሳ የወደድነው እንቢ ባይነቱን ነው፤ የሰው መድፍ አልለምንም፣ በራሴ አገር አሠራለሁ ማለቱን። ጋፋት የተወለደው ከዚያ ነው። በጨጨሆ 70 ኩንታል ብረት እየጎተተ አገሩን ያደከመውም ያው እንቢታ ነው። ሽጉጡንም ተመልከቱ። ለፕላውደን ስላደረገው በጎነት ንግሥት ቪክቶሪያ በምስጋና ከላከችለት ስጦታ ነበር፤ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ የጠጣው እሱኑ ነው። ደራሲ ፈጥሮ ቢጽፈው «በጣም ተመቻቸ» ይባል ነበር።

በ1958 ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ እንባ»፣ ከዚያ በፊት ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፣ በኋላም አቤ ጉበኛና ጸጋዬ ገብረ መድኅን በድርሰትና በመድረክ ሲመልሱት፣ ያ ሽጉጥ የሁሉ ነገር መደምደሚያ ሆነ። ጥሩ ሥራዎች ናቸው። ያሳሰበኝ ከነሱ በኋላ እኛ ያደረግነው ነው፦ በሽጉጡ ድምፅ ከመቅደላ በፊት ያሉትን ዓመታት ሸፈንናቸው።

ከእነዚያ ዓመታት በታች ግን ገበሬ አለ። ጋይንት፣ ስማዳ፣ እስቴ እህል የሚያበቅሉ አገሮች ናቸው። ሲነግሥ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ንግዱ እንዲመለስ ያወጀ፣ ወታደሩ ደመወዝ ይብላ እንጂ ገበሬውን አይብላ ብሎ የሞከረ ንጉሥ፣ በመጨረሻ ሠራዊቱን የሚመግበው በጌምድርን እየዘረፈ ሆነ። በእኔ ዓይን ከመቅደላ ይልቅ ክፍል ሁለት የሚጻፍበት ቦታ አውድማው ነው። እዚያ ላይ የድሮው ካሳ ከአዲሱ ቴዎድሮስ ጋር ፊት ለፊት ይቆማል፣ ምስክሩም ጎተራው የተገለበጠበት ሰው ነው።

ይህን ስል አንዱ «ታዲያ ጀግናውን አዋረድከው» ይለኝ ይሆናል። አይደለም። የአንድምታ መምህር ሁለተኛውን ፍቺ ሲያመጣ «አንድም» ይላል፤ የመጀመሪያውን አይፍቅም። ደቀ መዝሙሩ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያከብደዋል እንጂ አያጠፋውም። አይሻል ላይ ያሸነፈው ካሳ፣ አንድም ጨጨሆ ላይ ገመድ የያዘው ሽማግሌ። ሽማግሌ ስል ደግሞ ሃምሳ ዓመት ገና መሙላቱ እንደነበር አትርሱ።

ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። ገመዱ ግን የለም፣ የያዙትም እጆች የሉም። ከነዚያ እጆች የአንዱ ባለቤት የጋይንት ሰው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ቤቱ ተበርብሮበት፣ በሬው ታርዶበት፣ ገመዱን ተሸክሞ ቀና ሲል ከፊቱ ንጉሡ አብሮት ድንጋይ ሲያነሣ ያያል። ጮክ ብሎ «ጃንሆይ» ይላቸዋል። በሆዱ ግን፣ እየረገመውም ቢሆን፣ «ካሳ» ይለዋል።